ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ ጎን ቢስብ፦ የታመመው ጎማ የትኛው ነው?

መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ከሳበ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚፈታው የግራውን ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የታመመው የቀኙ ነው። ከተጠመዱ በሬዎች አንዱ ቆሞ ሌላው ቢራመድ ቀንበሩ ወደቆመው በኩል ይዞራል። መኪናም ይበልጥ ወደያዘው ጎማ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ወደ ግራ ሳበ ማለት ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የቀኙ ፍሬን ሰንፏል፣ ወይ የግራው ከሚገባው በላይ ይዟል። ይህን ሳይለዩ ፓድ (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል) መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ወደ ግራ የሚስብ መኪና ፊት ለፊት ከሚመጣው አይሱዙ ጋር ያገናኛችኋል። ወደ ቀኝ የሚስበው ደግሞ ከእግረኛው ጋር። ባጃጁ ደግሞ በሁለቱም በኩል አለ። በተለይ እዚህ ጅማ፣ በሄርማታ መርካቶ አካባቢ ግርግር ውስጥ ግማሽ ሜትር መሳት ብዙ ነው። "ትንሽ ይቆይና እናየዋለን" የሚባል ችግር አይደለም።

ከታች ያለው አካሄድ ምንም ከማያስከፍለው ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ፦ መኪናውን የማትነኩበት ጊዜ

ፔዳሉ እየሰመጠ ወለል የሚነካ ከሆነ፣ ከጎማው ጭስ ከወጣ፣ ወይም መሪውን በድንገት ከእጃችሁ የሚነጥቅ ከሆነ ለመፈተሽ ብላችሁ እንኳ አትንዱት። አስጎትቱት፣ ወይም መካኒኩን ወደ መኪናው ጥሩት። ይህን መኪና ይዞ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ቁልቁለቱን መውረድ በሕይወት መጫወት ነው።

1. መቼ ነው የሚስበው?

ሜዳ የሆነ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጉ። አስፋልት መንገድ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከመሃል ወደ ጠርዝ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። በዚህ የተነሳ ጤነኛ መኪናም መሪውን ላላ ሲያደርጉት በትንሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያ በሽታ አይደለም።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳችሁ መጀመሪያ ፍሬን ሳትነኩ እዩት። ቀጥሎ በዝግታ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ። መሪውን አትልቀቁት፤ በጣታችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙት።

ፍሬን ሳይነካም የሚስብ ከሆነ ነገሩ የጎማ፣ የአላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ)፣ ወይም ሳይለቅ የቀረ ፍሬን ነው። ሲያዝ ብቻ የሚስብ ከሆነ ወደ ፍሬኑና ጎማውን ከመኪናው ጋር ወደሚያያይዙት የእግር ክፍሎች እንሄዳለን።

አንድ ሌላ ነገር በደንብ አስተውሉ። ልክ እንደረገጣችሁ ወደ አንድ ጎን ስቦ፣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ቀጥ ብሎ፣ ስትለቁት ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን የሚሄድ መኪና አለ። ይህን ካያችሁ ጻፉት። ስለ ቱቦ ስናወራ እንመለስበታለን።

ጅማ ላይ ዝናቡ አያባራም፤ ሌሊቱን ውጪ ያደረ መኪና ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ከላቫጆ የወጣም እንዲሁ ውሃ ይዞ ይወጣል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ላይ ትንሽ ቢስብና ቢቀር አትደንግጡ። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ግን ችግር አለ።

2. ጎማ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። መኪናው አድሮ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን አስለኩ። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ተለጥፏል። ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ነው። ዋናው ነገር የፊቶቹ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው።

ከዚያ ጥርሱን አወዳድሩ። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው የተላጨ ጎማ ካለ፣ ወይም የሁለቱ ዓይነት የተለያየ ከሆነ፣ የፊት ግራና ቀኙን ጎሚስታ ጋ አቀያይሩ። ጎማው ጎን ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለው ግን ይህ ፈተና አይሠራም። ከተቀያየረ በኋላ መሳቡ ጎን ከቀየረ ጥፋተኛው ጎማ ነው። ካልቀየረ ቀጥሉ።

3. የሙቀት ፈተና

ከፈተናዎቹ ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። መሣሪያ አይፈልግም።

መኪናውን አሥር ደቂቃ ያህል ከተማ ውስጥ ንዱት፣ ፍሬን እንደተለመደው ተጠቀሙ። ከዚያ ሜዳ ላይ አቁሙና ወዲያው ውረዱ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ፊቱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩት። ጥሩ የሠራ ፍሬን በጣም ሊግል ይችላል፤ ዲስኩን መንካት ቆዳ ይልጣል። ሙቀቱ ከሩቅ ይሰማችኋል። አሁን ወደ ሌላው ጎን ሂዱና ያንኑ አድርጉ። የፊቱን ከኋላው ጋር አታወዳድሩ፤ የፊቱ ሁልጊዜም ይበልጥ ይሞቃል። ፊትን ከፊት፣ ኋላን ከኋላ ነው።

አሁን ውጤቱን እናንብብ። መኪናው የሚስበው ወደ ግራ ነው እንበል።

የቀኙ ቀዝቃዛ ሆኖ የግራው እንደ ወትሮው ከሞቀ፣ የቀኙ አይሠራም። ፒስተኑ (ፓዱን የሚገፋው ብረት) ተጣብቋል፣ ካሊፐሩ (ፒስተኑንና ፓዶቹን የያዘው አካል) አይንሸራተትም፣ የፍሬን ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ ተዘግቷል፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር አለ።

የቀኙ ልክ ሆኖ የግራው እሳት ከሆነ፣ የግራው ይዞ አልለቅም ብሏል። የተቃጠለ ሽታም ይኖራል። ከጅሬን ቁልቁል ወርዳችሁ ከተማ ስትገቡ ያ ሽታ ከአንድ ጎማ ብቻ ከመጣ ይህን ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ፍሬን ሳትጠቀሙ ትንሽ ንዱና መኪናው በራሱ ጊዜ እንዲቆም ተዉት። ፍሬን ሳይነካ የሞቀ ጎማ ይዞ የቀረ ፍሬን ወይም የተበላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) አለው። ኩሽኔታ ከሆነ አብሮ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ።

ሁለቱም እኩል ሞቀው መኪናው አሁንም ከሳበ፣ ፍሬኑን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ተራ ቁጥር 7 ሂዱ።

4. ጎማውን ፈትቶ ማየት

ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ አድርጉ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሱ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ከሥሩ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይገባ ማንም ሰው እጁንም ራሱንም አያስገባ። ድንጋይና ብሎኬት አይታመንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው።

ከመፍታታችሁ በፊት ጎማውን በእጅ አዙሩት። በሁለቱም ጎን። በዲስክ ፍሬን ላይ ትንሽ መፋተግ ልክ ነው። በአንድ በኩል ብቻ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይዞር ከሆነ የያዘውን አግኝታችኋል።

አሁን ጎማውን አውጡና ተመልከቱ። ጊዜ ስጡት። እርጥበት አለ? በካሊፐሩ ወይም በጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ዘይት ከታየ ፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ ወይም ጎማውን በሚያዞረው ሻፍት ላይ ያለው ጎሚኒ (ላስቲክ) ተቀድዶ ግሪስ ይረጫል። ፍሬን ዘይት ወይም ግሪስ የጠጣ ፓድ አይድንም። በቤንዚን አጥቦ፣ በእሳት አድርቆ የሚመልስ ሰው አለ፤ ከውስጥ የገባው ዘይት ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ አስጠግኑ፣ ከዚያ ፓዱን በሁለቱም ጎን ቀይሩ።

የፓዱን ውፍረት አወዳድሩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጊዜው አልፏል። ግን እኔ ከውፍረቱ ይልቅ አበላሉን ነው የማየው። በአንድ ካሊፐር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ፓዶች እኩል መበላት አለባቸው። በፒስተኑ በኩል ያለው ተበልቶ የውጪው አዲስ መስሎ ከቀረ፣ ካሊፐሩ መንሸራተት አቁሟል ማለት ነው። ፓዱ በአንድ ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ከወፈረም ካሊፐሩ ተጣሞ ነው የሚይዘው።

ይህ መጣበቅ እኛ ጋ የበዛ ነው፣ ምክንያቱም ጭቃችን አይምርም። ወደ ዴዶና ወደ ሰቃ ጨቆርሳ የሚመላለስ ፒክአፕ ካሊፐሩ ሥር ቀዩ ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ካሊፐሩ የሚንሸራተተው በሁለት ፒኖች ላይ ነው። እያንዳንዱ ፒን የሚሸፈንበት ትንሽ የጎማ ሽፋን አለው። ያ ሽፋን ከተቀደደ ውሃና አፈር ይገባል። ፒኑን ስታወጡት የድሮው ግሪስ ቡናማና ደረቅ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ የዝገት ቀለበት ታያላችሁ። ጤነኛ ፒን በጣት ሲገፋ ይገባል፣ ሲሳብ ይወጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፒኑንም ቀዳዳውንም አጽዱ፣ የተቀደደውን ሽፋን ቀይሩ፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራውን ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ቀቡ። የተለመደው የእግር ግሪስ እዚህ ቦታ የለውም። ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተመልሶ ይጣበቃል። ፒኑ ዝገት ከበላው ቀይሩት።

አቧራውን በኮምፕረሰር አታስነፉ። የፍሬን አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ በውሃ እጠቡት። ካሊፐሩን ስታወርዱም በቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት።

5. ፒስተኑ

አሮጌውን ፓድ ፒስተኑ ላይ አድርጋችሁ በሞርሳ መሳይ መጫኛ በዝግታ ወደ ውስጥ ግፉት። የፍሬን ዘይት ዕቃው ሞልቶ እንዳይፈስ ከላይ እያያችሁ። እኩል እየተገፋ ከገባ ጤነኛ ነው። አልገባም ብሎ በድንገት ዘሎ የሚገባ፣ ወይም አንዱ ጎን ቀድሞ የሚሄድ ፒስተን ዝጓል። ሁልጊዜ ከሌላው ጎን ካሊፐር ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል።

የዛገ ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ የተለመደ ነው። እኔ አልደግፈውም። የላዩ ልባጥ አንዴ ከተላጠ ዝገቱ ፈጥኖ ይመለሳል፣ ጎሚኒውንም ይቆርጠዋል። ዝገቱ የበላው ከሆነ ፒስተኑንና ጎሚኒውን፣ ወይም ካሊፐሩን ሙሉ መቀየር ነው።

6. ቱቦው

ከዚህ ሁሉ በጣም የሚረሳው ይህ ነው። ከብረቱ መስመር ወደ ካሊፐሩ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ በውጪ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጣል፣ ወይም ቅርፊቱ ይነሳል። በእግር ኃይል የተገፋው ዘይት ዘግይቶ ያልፋል። ለመመለስ ግን ኃይል ስለሌለው እዚያው ይታሰራል። በተራ ቁጥር 1 ጻፉት ያልኳችሁ ምልክት የዚህ ነው። ስትረግጡ የታመመው ጎን ስለሚዘገይ መኪናው ወደ ጤነኛው ይስባል፤ ስትለቁ የታመመው ስለማይለቅ ወደ እሱ ይስባል።

አንድ ቪትዝ እንዲህ ሆኖ መጣ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተሰላችተዋል። "ልጄ፣ ፓዱም አዲስ፣ ዲስኩም አዲስ። አሁን ደግሞ ምን ግዛ ልትለኝ ነው?" አሉ። "ጋሼ፣ ምንም አይግዙ፤ መጀመሪያ እንየው" አልኳቸው። የቀኙን ጎማ አንስተን ፍሬን አስረግጠን አስለቀቅን። ጎማው ይዞ ቀረ። ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሩብ ዙር ስከፍት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ተፈታ። ፒስተኑም ፒኖቹም ደህና ነበሩ። ቱቦውን አውጥተን በአፍ ስንነፋው ትንፋሽ አያሳልፍም። የተቀየረው ሁለት ቱቦ ብቻ ነው፣ የግራና የቀኝ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጎማው ይዞ ሲቀር የአየር ማስወጫውን ክፈቱ። ከፍታችሁትም ካልተፈታ ችግሩ ካሊፐሩ ራሱ ነው፤ ወደ ፒኖቹና ወደ ፒስተኑ ተመለሱ። ከተፈታ ዘይት ታስሮ ነበር ማለት ነው። የት እንደታሰረ ለማወቅ ዝጉት፣ እንደገና አስረግጡና አስለቅቁ፤ አሁን ደግሞ ቱቦው ከብረቱ መስመር ጋር የሚገናኝበትን ብሎን ላላ አድርጉ። በዚህ ከተፈታ ችግሩ ከቱቦው በላይ ነው፤ ማስተሩን (በፔዳሉ ተገፍቶ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ሲሊንደር) ተመልከቱ። በዚህ ካልተፈታ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም አጥብቁና አየር ማስወጣትን አትርሱ።

ቱቦ ርካሽ ነገር ነው። ከዲስክ በፊት ቱቦ ጠርጥሩ።

7. ፍሬኑ ደህና ከሆነ

የታችኛው የእግር ክንድ ቦኮላ (መገጣጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ) ከተበላ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መሪው ሳይዞር ጎማው ይዞራል። ለማየት ሞተሩ ሠርቶ አንድ ሰው ፍሬን ይያዝ፣ ሌላ ሰው መኪናውን ከጎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዘው። እናንተ ጎማው በጭቃ መከላከያው ውስጥ ቦታውን ሲለቅ ተመልከቱ። በግራና በቀኝ የሚታይ ልዩነት ካለ ቦኮላው አልቋል።

ከዚያ ጎማውን አንሱና በላይና በታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀጠቀጠ ኩሽኔታ ወይም የእግሩ ኳስ መገጣጠሚያ ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመሪው ጫፍ መገጣጠሚያ ነው። እነዚህ ሳይቀየሩ አላይመንት ማሠራት ትርፉ ድካም ነው፤ የተበላ ነገር ልክ አይያዝም።

የኋላው ፍሬን መኪና የመሳብ ኃይሉ ከፊቱ ያነሰ ነው። ቢሆንም ታምቡሮው (ከበሮ መሳዩ የኋላ ፍሬን) ውስጥ ዘይት የሚያፈስ ሲሊንደር ካለ ታምቡሮውን የሚይዘው ሸራ ይረጥባል፣ እርጥብ መንገድ ላይም ኋላው ይንሸራተታል። የኋላውን አንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥርስ በጥርስ እየያዛችሁ ሁለቱም ጎማዎች እኩል መክበዳቸውን እዩ። አንዱ ቀድሞ ከያዘ ማስተካከያው ወይም ገመዱ ነው።

8. ሲገጠም

ደንቡ አንድ ነው። የሚቀየር ነገር በሁለቱም ጎን ይቀየራል። ፓድም፣ ዲስክም፣ ቱቦም። በአንድ በኩል አዲስ በሌላው አሮጌ ፓድ ራሱ መሳብን ይፈጥራል። ሱቅ ውስጥ "ለአንዱ ጎን ብቻ ስጠኝ" አትበሉ።

ፍሬን ዘይቱ ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈው ይሁን፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ በመስመሩ ያለውን ጎሚኒ ሁሉ ያበላሻል። ፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ልዩነቱ ፔዳሉ ውስጥ ይታያል። በ2 ዓመት አንዴ ቀይሩት። የመኪና ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡ።

አየር ስታስወጡ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይከፍታል። ብሎኑ ሳይዘጋ እግር ከፔዳል አይነሳም። ዕቃው እንዳይደርቅ እየሞላችሁ።

መካኒክ ጋ የምትወስዱት ከሆነ "ፍሬኑ ይስባል" ብቻ አትበሉት። "ስረግጥ ወደ ግራ ይስባል፣ ስለቅ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ጎማ ይግላል" ብትሉት ግማሹን ሥራ ሠርታችሁለታል። አሮጌውን ዕቃም ተቀበሉት፣ አይታችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መኪናው ሳይነቃነቅ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ የተገፋበት መኪና የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ከዚያ መጀመሪያ በተፈተነበት ሜዳ በ20፣ ቀጥሎ በ40 ሞክሩት። ፓዱ አዲስ ከሆነ ከ50 ወደ 10 በመካከለኛ ኃይል ደጋግማችሁ አውርዱት፤ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ በየመሃሉ እያቀዘቀዛችሁ። ስትጨርሱ የሁለቱን ጎን ሙቀት እንደገና አወዳድሩ። ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ያህል ከተነዳ በኋላ ደግሞ የጎማውን ዳዶዎች አንድ ጊዜ በድጋሚ አጥብቁ።